የወይራው ሽብልቅ

በደርግ ዘመን በባሕር ዳር ከተማ እንጨትን በእንጨት የሚፈልጡ የቢሮ ሠራተኛ አባቴ ብቻ ነበሩ ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። የሰፈሩ ሰው ምሳር ሲያነሣ፣ እሳቸው ከአባታቸው ቤት ከደልጊ በጀልባ ያመጧቸውን የወይራ ሽብልቆች ከጆንያ ያወጣሉ። ሽብልቆቹ በአንድ ወገን ቀጭን፣ በሌላው ወፍራም ናቸው፤ ወፍራሙ ጫፍ ሲመታ እንዳይሰነጠቅ በጠፍር ታስሯል። መምቻውም ከዛፍ ሥር የተጠረበ፣ እንደ ዘነዘና የከበደ የእንጨት መዶሻ ነው። ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ እያለ፣ ይኼ እኮ ለገዳም ዕቃ ቤት ነበር የሚገባው ብሎ ይቀልዳል። አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። እኔ ግን ያ ሰው ምሳሩ ግንድ ውስጥ ተቀርቅሮበት ሲታገል ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሽብልቁን የግንዱ ስንጥቅ ላይ አቁሞ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። በአባቴ አገር ልማድ የሚይዘው ታላቁ፣ የሚመታው ታናሹ ነው፤ ጣቱን ለአደጋ የሚሰጠው ብዙ የኖረው ነው ይባላል። ስለዚህ አባቴ ይይዛሉ፣ ታላቅ ወንድሜ ይመታል። ወንድሜ ፈራ ተባ ሲል አባቴ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «ከፍ አድርገህ ምታ፤ ጣቶቹ የእኔ ናቸው» ይሉታል። ሽብልቁ ነክሶ ሲቆም ከሐይቁ የቀዳነውን ውሃ እናፈስበታለን። ደረቁ ሽብልቅ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግንዱ በማግስቱ ተከፍቶ ይገኛል። ያ የተከፈተ ወይራ ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ወንድሜ ሲያጭ አባቴ ከደልጊ አንድ ትልቅ የወይራ ግንድ አስመጡ። ጓሮ አጋድመው፣ የሠርጉ ድግስ በዚህ እንጨት ይሰናዳል፣ የምንፈልጠውም እኔና ልጄ ነን አሉ። ሳይፈልጡት ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ ግንዱን የሚነካ ጠፋ። ጋዝ ጠፍቶ እናቴ በሰጋቱራ ጭስ ዓይኗ ሲጠፋ እንኳ ወደ ጓሮ አታይም። ክረምት ሲገባ አባቴ በቆርቆሮ ይሸፍኑታል።

ወንድሜ ቀኝ እጁን አጥቶ ተመለሰ። እጮኛው ልትጠይቀው ስትመጣ ከክፍሉ አይወጣላትም። እናቴን፣ ለልጅቷ ቤተሰብ ሌላ እንዲፈልጉላት ንገሩልኝ፣ ግንዱንም አስፈልጣችሁ አንድዱት አላት። እናቴ አለቀሰች። አባቴ የሰሙ አልመሰሉም።

አንድ ቀን አባቴ ከቢሮ እንደተመለሱ ጆንያውን አወጡ። ወንድሜ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። በግራ እጃቸው ሽብልቁን ይዘው በቀኛቸው መዶሻውን ሊያነሡ ሞከሩ፤ መዶሻው ግን የአንድ እጅ ዕቃ አይደለም። ሽብልቁ ተስፈንጥሮ ጎመኑ መሐል ወደቀ። መለሱት፤ ደግሞ ወደቀ። ልረዳቸው ስነሣ እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። በጣም ተናደድኩባት፤ ሽማግሌ ሲንገላታ ቁጭ ብሎ ማየት ምን የሚሉት ነው?

ያን ጊዜ ወንድሜ ከበረንዳው ወረደ። ሽብልቁን ከጎመኑ መሐል አንሥቶ ግንዱ አጠገብ ተንበረከከና በግራ እጁ ስንጥቁ ላይ አቆመው።

«እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ይምቱ» አላቸው።

አባቴ መዶሻውን በሁለት እጃቸው አነሡ፤ ግን አልመቱም። ለልጃቸው የቀረችውን አንዲት እጅ ሲያዩ መዶሻውን ዝቅ አደረጉት። ይቅር ልጄ፣ ሌላ ቀን ይሁን አሉት።

ወንድሜ ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ከፍ አድርገው ይምቱ፣ አባየ። ጣቶቹ የእኔ ናቸው።»

መቱ። ሽብልቁ ነክሶ ቆመ። የቀሩትንም እያቆመ ያዘላቸው። ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

በማግስቱ ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ አገኘነው። ወንድሜ ዙሪያውን እየዞረ ሲያየው ቆየና እናቴን፣ ለሠርጉ ጠላ፣ ለብቅል የሚሆን ገብስ አለን ወይ ብሎ ጠየቃት። እናቴ ገብሱን ማለዳ ተነሥታ ዘፍዝፋው ነበር።