አምስት ወረቀት ይዤ ወደ መተማ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ አዘዞ

ፈሪ ነኝ። ከአሁኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። ስለ ደርግ ዘመን ሲወራ ሁሉም ጀግና ሆኖ ይገኛል፤ እኔ ግን የጎረቤት ውሻ በጮኸ ቁጥር ከአልጋዬ ዘልዬ የምቀመጥ ሰው ነበርኩ። ያን ቀንም አዘዞ መንገድ ዳር ቆሜ የሾፌሩን የከፍያለውን የጭነት መኪና ስጠብቅ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ሸሚዝ፣ ፎጣ፣ የወባ ክኒንና አምስት ወረቀት አለ። ወረቀቶቹ ላይ ያለው ሒሳብ ነው። ታዲያ ሒሳብ ምን ያስፈራል? በዚያን ጊዜ ምን የማያስፈራ ነገር ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ከመዛወሬ በፊት ሸሕዲ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። በቆላው ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መምህር ካለ ብቻውን ነው፤ ሲጨንቀው የሚያማክረው የለውም። ልጆቹም የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በመጣ ቁጥር በሒሳብ ይወድቃሉ። ስለዚህ አምስት መምህራን ሆነን ቡድን ቢጤ ጀመርን። በየወሩ አንድ ጥያቄ በሾፌር እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ለየብቻው ይሠራና ወረቀቱን ለእኔ ይልካል፤ እኔ አርሜ ሁሉም እንዲያየው መልሼ አዞራለሁ።

በመጀመሪያው ወር አንዱ በሌላው ስህተት ሳቀ። የተሳቀበት ሰው «ሁለተኛ አልጽፍም» ብሎ አኮረፈ። መምህር ሲሳሳት ውርደቱ ከተማሪ ይብሳል መቼም። ስለዚህ ስም መጻፍ ቀረና በፊደል ሆነ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ። ማን የትኛው ፊደል እንደሆነ በደንብ የማውቀው እኔ ነኝ። በዘዴዬ ኮርቼ ነበር፤ ወይ እኔ!

«መ» የመተማው መምህር ደምሴ ናቸው። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። በቀይ ሽብር ጊዜ ሰባት ወር ታስረው ወጥተዋል፤ ለምን እንደታሰሩም ለምን እንደተፈቱም የነገራቸው የለም። ቡድኑ ውስጥ ሲገቡ የለመኑኝ አንድ ነገር ነው። «ልጄ፣ ስሜ ከቡድኑ ውጪ ማንም ዘንድ እንዳይደርስ» አሉኝ። በልጆቼ ማልኩላቸው።

አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አምስታችንም ፊት ለፊት ልንገናኝ ነው፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ መተማ ዮሐንስ። «ስብሰባ» ብለን ፈቃድ ብንጠይቅ መዘዙ ብዙ ነው። እናም የይለፍ ወረቀቴ «የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ» ይላል።

ረቡዕ፣ ረፋድ፤ ከአይከል ቁልቁል

አይከል ላይ ሻይና ዳቦ በስሙኒ። ጭነቱ ላይ የጎጃምና የወሎ ጎበዞች ተሳፍረዋል፤ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርዱ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው አንዱ የአንዱን አነጋገር እየቀዳ ይሳሳቃሉ። ከአይከል በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ አቧራው ቀይ፣ ጠጠሩ እንደ እሸት የሚንጣጣ። ሙቀቱ ጉልበት ላይ ይጀምርና ደረት ላይ ይወጣል። ጋቢዎቹ አንድ በአንድ ተጠቀለሉ።

ከፍያለው ወረቀቶቻችንን የሚያመላልስልን ሾፌር ነው። ሁሌ እንደ ልቡ ያወራ ነበር፤ ዛሬ ድምፁን ቀንሷል።

«መምህር፣ ሸሕዲ ኬላ አዲስ የጸጥታ ኃላፊ መጥቷል አሉ።»

«ክፉ ነው?»

«አይጮህም። አይሳደብም። ‹እባክህ› ይላል።»

«እሱማ ደግ ነው።»

«ኧረ ተወኝ! የሚጮኸውን እንኳ ለምደነዋል።»

ወረቀቶቹን ልጥላቸው አሰብኩ፤ ደግሞ የሰው ልፋት እንዴት ይጣላል አልኩና ተውኩት። የጓንግን ድልድይ ስናልፍ ውኃው ደፍርሶ ይወርዳል፤ እዚያ ብጥላቸው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሸሕዲ ኬላ

«ሁሉም ይውረድ!» ወረድን። የሰሊጥ አጫጆቹ ስልቻ ተፈተሸ። ከዚያ የእኔ ቦርሳ። ፈታሹ ሸሚዜን ወደ ጎን አደረገ፣ ክኒኑን አሸተተ፣ ወረቀቶቹን አወጣ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። በየጥጋቸው አንድ አንድ ፊደል፤ ስም የለ፣ ፊርማ የለ፣ ቀን የለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ነው።»

«የታመመው ዘመድህ ሒሳብ ነው?»

ሰው ሳቀ። ከፍያለውን «ታውቀዋለህ?» ብለው ሲጠይቁት መሪውን እያየ «መንገድ ላይ ነው የጫንኩት» አለ። መኪናው አቧራውን ለቆብኝ ሄደ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ሐሙስ፣ ጠዋት፤ ሸሕዲ

ያደርኩት ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ በገመድ የተጠለፈች አንገሬብ አልጋ ሰጥተውኛል። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ጠዋት አስካለ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ይዛ መጣች። አስካለ የሸሕዲዋ የሒሳብ መምህርት ናት፤ «ለ» እሷ ናት። ከከፍያለው ሰምታ ነው የመጣችው። ዘበኛው ሳህኑን ሲፈትሽ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣

«ጋሼ፣ እኔ ‹ለ› መሆኔን ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ከሁሉም ከሁሉም መምህር ደምሴን እንዳታነሳ። ሰውየው አሁን ቢያዙ አይመለሱም» አለችኝ።

«እንዴት አድርጌ!» አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። የጸጥታ ኃላፊው ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። አምስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። ጥያቄው ይህ ነበር፦

20 − 3(x − 2) = 11

«ጓድ መምህር፣ እባክህ ተቀመጥ። እኔም ሒሳብ ተምሬያለሁ። አራቱ ወረቀቶች መልሱ 5 ነው ይላሉ። የ‹መ› ግን 1 ነው ይላል። የሒሳብ መልስ ሁለት ሊሆን ይችላል?»

«አይችልም። ‹መ› ተሳስተው ነው።»

«መምህር ሆኖ?»

«ይሳሳታል፤ ሰው አይደል?»

«ስሙን የደበቀ ሰው ከሌሎቹ የተለየ አንድ ቁጥር ይልካል። አንተ ደግሞ ዋሽተህ ይለፍ አውጥተህ ወደ ድንበር ትሄዳለህ። ይህቺ 1 ምንድን ናት? ቀን ናት? ሰዓት ናት?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ግን ማን ደፍሮ ይናገር? የመቀነስ ምልክት ቅንፍ ውስጥ ሲገባ የ2ን ምልክት ወደ መደመር እንደሚለውጥ፣ «መ» ያንን ረስተው እንደቀነሱ በጣቴ እያሳየሁ አስረዳሁት፤ ዓርብ የምንሰበሰበውም ለዚሁ ሒሳብ ነው አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ «‹መ› ማነው?» አለኝ።

እንደገና ስለ ቅንፉ ጀመርኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ማንም አልመታኝም፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን ማንም አልመታኝም። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ያስል ነበር። ድንገት ሳሉ ቀጥ አለ። ኃላፊው ቀና ብሎ ወደ ግድግዳው አየና ወደ እኔ ተመለሰ።

«መምህር ደምሴ። መተማ» አልኩ።

አፌ ነው የተናገረው። እኔ የሰማሁት ከእሱ ጋር እኩል ነው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፤ መተማ ዮሐንስ

«ጥያቄውን ፊቴ ይሠራታል» ብሎ ኃላፊው በላንድሮቨር ወሰደኝ፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በሁለት ታጣቂ መካከል። ሜዳው ሁሉ የታሰረ ሰሊጥ ቆሞበታል። ኮኪት ላይ ውኃ ጠጡ፤ ለእኔም ሰጡኝ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ወረቀቱን ፊት ለፊት ላርምላቸው ይዤው ስሄድ ነው የተያዝኩት፤ ስለዚህ መምህር ደምሴ መሳሳታቸውን ማንም አልነገራቸውም። አሁንም እንደዚያው ከተሳሳቱ ነገሩ የስህተት መሆኑ ይታያል። በትክክል ከሠሩት ግን «እያወቅህ ነው 1 የላክኸው» ይባላሉ፤ አለቀላቸው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ የሒሳብ መምህር ሆኜ ሌላው የሒሳብ መምህር እንዲሳሳት ስለት ተሳልኩ።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ዳር ነው፤ ከግቢው ሆነው ሲያዩ የሱዳኗ ገላባት ቆርቆሮ ከወዲያ ማዶ ያብለጨልጫል። መምህር ደምሴ ስምንተኛ ክፍልን እያስተማሩ ነበር። ሽበታም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ካኪ ኮታቸውን ያላወለቁ። ታጣቂ ሲያዩ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። አንዲት ተማሪ ተነስታ አቀበለቻቸው።

ኃላፊው ጥያቄውን ራሱ ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

«መምህር፣ ይህችን ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«እስቲ ይሥሯት።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝና ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። «20 − 3x» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቆሙ። ጠመኔው ሰሌዳውን ነካ፣ ተነሳ። አንገታቸውን አዙረው እንደገና አዩኝ፤ አሁን ረዘም አድርገው። ምን ፊት እንዳሳየኋቸው እኔ አላውቅም።

«− 6» ብለው ጻፉ። ቀጠሉ። «x = 1።»

ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ ነበር። ሁሉም አንድ ነው፤ የአጻጻፉ ጠባይ እንኳ አልተለወጠም። እኔን «ያልከው ስህተት ይኸው ነው?» አለኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሳቀ።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት እነዚህን ልጆች ለሚኒስትሪ የሚያደርሱት?»

እሱ ስለሳቀ ልጆቹም ሳቁ። ታጣቂዎቹም ሳቁ። መምህር ደምሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ተቀጪ ተማሪ ቆመው ነበር። ኃላፊው ወረቀቶቹን ደረቴ ላይ ለጠፈልኝ። «ከእንግዲህ ስም ይጻፍበት። የዓርቡ ስብሰባም ቀርቷል» ብሎ ወጣ።

የላንድሮቨሩ ድምፅ እስኪጠፋ መምህር ደምሴ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ሰሌዳውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«ልጆች፣ አሁን የጻፍኩት ስህተት ነው። ሰርዙት። መልስ ስታገኙ መልሳችሁ ጥያቄው ውስጥ ክተቱት። አንድን ብንከት ሃያ ሦስት ይመጣል፣ አሥራ አንድ አይመጣም። ይኸው።» ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምረው ሠሩት፤ ሲደመር ስድስት፣ ኤክስ አምስት። ንጹሕ አሠራር ነበር። በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ከትምህርት በኋላ ከግቢው ዳር ካለው የሳር ዳስ፣ እነሱ ራኩባ ከሚሉት ሥር ሆነን ከረከዴ ጠጣን። እንደ ደም የቀላ፣ ጎምዛዛ መጠጥ ነው።

«መቼ አወቁት?» አልኳቸው።

«ባለፈው ሳምንት። ለልጆቹ ሳስተምር መልሼ ከተትኩት፣ አልገባ አለኝ።»

«መምህር፣ ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?»

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር።

«በር ላይ ሳይህ፣ ታጣቂው ቢያስደነግጠኝም፣ አንድ ልቤ ደስ አለው። መሳሳቴን አንተ ታውቃለህ፤ አሁን በትክክል ስሠራ ያየኛል ብዬ። ስድስትን በመደመር ልጽፍ ነበር። ግን ፊትህን አየሁት። እንድሳሳት ትለምን ነበር።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ በእመቤቴ!»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው እንደለመንከኝ የጻፍኩት። ግን ልጄ፣ ልጆቼ ፊት ነው የጻፍኩት» አሉና ብርጭቆውን አስቀምጠው ተነሱ። እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

ቅዳሜ፣ ወደ ማታ፤ ጎንደር

ዓርብን ሙሉ መኪና ስጠብቅ ዋልኩ፤ ቅዳሜ ከፍያለው ራሱ ጫነኝ። ጭነቱ ላይ ሰሊጥ እንጂ ሰው የለም። ዳገቱን ስንጨርስ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ሸሚዝ ደረብኩ።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ደጃፍ ላይ እህል ታበጥር ነበር። አቧራዬን አይታ ሳቀች። ከቤት ስወጣ ስለ ስብሰባው የነገርኳት እሷን ብቻ ነው።

«እህ? ተሳካላችሁ?»

«ተይዤ ነበር፤ የሰው ስም አወጣሁ» አልኳት።

ሰፌዱን አስቀመጠች። ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች፣ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ፣ በሩን ዘጋች፣ መወርወሪያውን ገፋች። ከዚያ በኋላ ነው በሹክሹክታ የጠየቀችኝ።

«የማንን?»