ያልተቆጠረው የጠበቃ ገንዘብ

አባቴን ያደኸየው ጨዋነቱ ነው። ይህን ስል ጨዋነትን እያመሰገንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጄ ነው።

ንፋስ መውጫ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረን። አባቴ በር፣ መስኮትና አልጋ ይሠራል፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቀለም እቀባለሁ፣ ሰነድ እሞላለሁ። የቤታችን ዋልታ አንዲት የኤሌክትሪክ መላጊያ ማሽን ነበረች። አባቴ ለእሷ ሲል ሁለት በሬዎች ሸጧል። መብራት በመጣ ቁጥር ከምግብ ተነስቶ ወደ እሷ ይሮጣል፤ እናቴም «ጣውንቴ ጠራችው» ትል ነበር።

ጎረቤት ወረዳ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራውም፣ ለትምህርት ቤቶች የተማሪ ዴስክ ለማሠራት ጨረታ አወጣ። ገባንበት። በመክፈቻው ቀን በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደን ከሰዓቱ ቀድመን ብንደርስም ፖስታዎቹ ተከፍተው ኮሚቴው ሻይ ይጠጣል። «ቀደም ብለን ከፈትነው፤ ምን ችግር አለው?» አለን አንዱ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ። ትንሹ ዋጋ የእኛ ነበር። ሥራው የተሰጠው ግን ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮና ምስማር ከመሸጥ በቀር እንጨት ነክቶ ለማያውቅ ነጋዴ ነው።

አባቴ ቢተወው ኖሮ እስከ ዛሬ ማሽኗ ቤታችን ነበረች። አልተወውም፤ መሥሪያ ቤቱን ከሰሰ። ለከተማችን እህል ነጋዴ ማሽኗን በመያዣ አስይዞ ተበደረ፤ እስከ ፋሲካ ካልከፈለ ነጋዴው ይሸጣታል። በብሩ ከደብረ ታቦር ጠበቃ ቆመለት።

ገንዘቡ የተሰጠው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። አባቴ ከቤተ ልሔም በኩል የሚመጡትን የነፍስ አባታችንን መካከል አቆመ። ብሩን በመሐረብ ቋጥሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሰጠ። ጠበቃውም ሳይፈታው ኮቱ ውስጥ ከተተው። የነፍስ አባታችን ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ አዙረው ይጸልዩ ነበር። በእኛ አገር በሰው ፊት ገንዘብ መቁጠር «አላምንህም» ማለት ነው፤ መካከል የቆመ ሽማግሌም ብሩ ላይ ካፈጠጠ ዓይነ ደረቅ ይባላል። ስለዚህ አንዱም አልቆጠረም። ሦስቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

ክርክሩ ከረመ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ግማሹን ሰጠን፣ ግማሹን ነሳን። ፖስታው ተጫራቾች በሌሉበት መከፈቱ ሕገ ወጥ ነው አለ። ሥራው ለእኛ ይሰጥ ያልነውን ግን አልተቀበለም፤ ዴስኮቹ ተሠርተው ርክክብ ተፈጽሟልና። አባቴ የወጪና ኪሳራ ዝርዝሩን አቅርቦ መጠየቅ ይችላል ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ጠቦት አረደ። ጎረቤት በላ፣ መረቀ፣ በማግሥቱ ደግሞ ማላገጥ ጀመረ። «አሸናፊው፣ እንዴት አደሩ?» ይሉታል በመንገድ ሲያልፍ። ለሁሉም ባርኔጣውን እያነሳ «እግዜር ይመስገን» ይላል። እኔ ድንጋይ ብወረውርባቸው ደስ ባለኝ።

ኪሳራ ለመጠየቅ ደረሰኝ ያስፈልጋል። የዳኝነትና የፎቶ ኮፒ ነበረን፤ የጠበቃው፣ ማለትም ማሽኗን የሚያስለቅቀው ትልቁ ወጪ፣ አልነበረንም። ደብረ ታቦር ወርደን ጠየቅነው። ጠበቃው ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

«ደረሰኝ? ግብር ሊያስጭኑብኝ ነው? ያኔ ቢሉኝ ኖሮ ዋጋውም ሌላ ይሆን ነበር» አለ።

«እሺ፣ መጥተው ይመስክሩልኝ» አለው አባቴ።

«ምን ብዬ? ምን ያህል እንደሆነ አላስታውስም።»

የቀሩን አንድ ምስክር የነፍስ አባታችን ናቸው። ዐቢይ ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ በፍርድ ቤቱ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ሲጠሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ። የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው። ተነስቶ እጅ ነሳቸው፤ ከዚያ ጀመረ።

«አባ፣ መሐረቡ ውስጥ የነበረው ብር ነው ወይስ ቆሎ?»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም አፉን በእስክሪብቶው ሸፈነ።

«ብር ነው እንጅ» አሉ።

«ፈትተው አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ስለዚህ ቆሎም ሊሆን ይችላል።»

የነፍስ አባታችን ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ልጀ፣ ሁለቱም የተጠመቁ ሰዎች ናቸው። ምን ብየ ልቁጠርባቸው?»

«ይህንን ነው የምፈልገው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ነገረ ፈጁ ተቀመጠ። የነፍስ አባታችን ግን ማንም ተቀመጡ ስላላላቸው ቆመው ቀሩ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ገንዘቡ ቀርቶበት አይደለም፤ እኒህን ሰው ለመሳቂያ ያቀረባቸው እሱ ስለሆነ ነው። እኔ ዓይኔ ደረቅ ነበር። ያን ወጣት በገዛ ጫማው ስለመምታት እያሰብኩ ነበር።

ውሳኔው አጭር ነው። የጠበቃው ክፍያ መጠን አልተረጋገጠም፤ ውድቅ ነው። በደረሰኝ የተረጋገጠውም ቢሆን አቤቱታው የተሳካው በከፊል ስለሆነ ግማሹ ይከፈል።

ያችን ግማሽ ለመቀበል መሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ አመላለሰን። አንድ ቀን የሚፈርመው የለም፣ ሌላ ቀን በጀት አልተለቀቀም፣ ሌላ ቀን ገንዘብ ያዧ ለቅሶ ሄዳለች። ለሚኒባስ ያወጣነው ከምንቀበለው በለጠ። በመጨረሻ ሲሰጡት ነገረ ፈጁ በበሩ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አሁንስ ይቁጠሩ እንጂ!»

ገንዘብ ያዧ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አባቴ ጣቱን በምላሱ አርሶ ቆጠረ። አሥር ጊዜ ቢቆጠር የማይበዛውን ገንዘብ፣ ሰው ፊት፣ ቀስ ብሎ ቆጠረ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ለምን እንዳመሰገናቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ይቅርም አላልኩትም።

ፋሲካ አለፈ። እህል ነጋዴው ማሽኗን ሸጣት። የገዛት ያው የዴስኩን ሥራ የወሰደብን ነጋዴ ነው፤ እንጨት ሥራ ጥሞታል ለካ። ፒካፕ ይዞ ከጫኞች ጋር መጣ። ጫኞቹ እንደ ጤፍ ማዳበሪያ ሊጎትቷት ሲሉ አባቴ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ።

«ቀስ! ቀስ በሉ፣ ምላጯ ይጎዳል!»

ምላጩን ራሱ ፈትቶ በዘይት ጨርቅ ጠቀለለው። በየት በኩል እንደምትያዝ አሳያቸው፤ ከሥሯ ገብቶ አብሯቸው ተሸከመ። እናቴ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ነጋዴው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ያያል።

«ማሽኗን የሚያውቃት ሰው ያስፈልገኛል» አለ ሲጨርሱ። «እነዚያ ዴስኮችም እግራቸው እየወለቀ መሥሪያ ቤቱ ጠግን እያለ ይጨቀጭቀኛል። በቀን ሒሳብ ቢሠሩልኝ አልጠላም።»

«አባባ፣ እንቢ በል!» አልኩ፣ የቀለም ብሩሹን እንደያዝኩ። ድምፄ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አስዞረ።

አባቴ አላየኝም። እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ ነጋዴው ጠጋ አለ።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለው።