የትራምፔት ነፊው ድድ

ሰፈሩ «ሳንባ» ነው የሚለው። አንዲት ኖታ ይዞ ሲቆይ ሰሚው ራሱ ትንፋሽ ያጥረው ስለነበር የወጣለት ቅጽል ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ውስጥ ዋናው ትራምፔት ነፊ ነበር። ሠርግም ሆነ ቀብር፣ ምረቃም ሆነ የኳስ ውድድር መክፈቻ፣ እሱ የቀረበት ቀን ባንዱ ወና ይሆናል።

ድዱ መድማት የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ጥርሱን ሲቦርሽ ደም ያያል፤ በውሃ ለቅልቆ ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን አንድ ጠዋት ትራሱ ላይ የደረቀ ደም አገኘች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ብሩሹ ነዋ፤ ጠንካራ ገዝተሽ።»

«ለስላሳ ነው የገዛሁት።»

«እንግዲያው ጠንካራው እኔ ነኛ።»

ወትሮም ቀልዱ ጥርስ አያስከድንም፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ።

ከዚያ ውሃ ጥም ያዘው። ልምምድ መሃል እየተነሳ ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ ከበሮ መቺው «የዚህ ሰውዬ ቧንቧ ተበላሽቷል» እያለ ያስቅበታል። ሱሪው ወገቡ ላይ ሰፍቶበት ሚስቱ አጠበበችለት። ክሳቱንም ድካሙንም በዕድሜ አሳበበ። አፉ መሽተት ሲጀምር ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠው ክላርኔት ነፊ ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ። ሳንባ ይህን አይቷል። ሽታውን ይሸፍንልኛል ብሎ ከረሜላ መምጠጥ ጀመረ። ከኪሱ አይጠፋም ነበር።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ከፍ ወዳለው ድምፅ ሲወጣ የፊት ጥርሱ በትራምፔቱ አፍ ስር ተንቀሳቀሰ። ድምፁ ተሰነጠቀ። የባንዱ መሪ እጁን አወረደ።

«ምን ነካህ አንተ?»

«ከንፈሬ ደርቆ ነው።»

ጥርሱን ነክሶ ሊችለው አሰበ፤ የሚነከሰው ጥርስ ግን አልጸና አለ። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ሲከደን ሚስቱ እየጎተተች ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። ድዱን ጫን ስታደርገው መግል ወጣ። ጓንቷን አወለቀችና፣

«አባቴ፣ ውሃ ይጠማዎታል? ስኳርዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አለችው።

«እኔ የመጣሁት በጥርሴ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምጠይቅዎ።»

ጣቱን ወግታ ለካች። መሣሪያውን አየችና ሌላ ጣት ወጋች። ያው ነው፤ ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል።

«ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ሰውነት ጀርም መከላከል ያቅተዋል፣ ቁስልም ቶሎ አይድንም» አለች ወንበሯን አስጠግታ። «ድድዎ የተቆጣው በጀርም ነው፤ ስኳሩ አባሰው። የድዱ ቁጣ ደግሞ እዚያው አፍ ውስጥ አይቀርም፤ በደም ይዞርና ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ስኳሩ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ድዱ ይብሳል። አንዱ ሌላውን ሲገፋ ነው የከረመው።»

«የቱ ነው የጀመረው?» ሚስቱ ጠየቀች።

«አሁን መለየት ይከብዳል። ሁለቱንም አብሮ ማከም ነው።»

«ጥርሶቼስ?» አለ እሱ።

«የያዛቸው አጥንት ተበልቷል። የተበላ አጥንት እንደነበረ አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምናድነው።»

ከረሜላውን የዚያን ዕለት ጣለ። ወደ ስኳር ሐኪም ተልኮ መድኃኒት ጀመረ፤ ድዱ ከስር ድረስ ተጠረገ፤ ሚስቱ ምግቡን እየመጠነች፣ ብሩሹን እየተቆጣጠረች ልጅ እንደማሳደግ ያዘችው። ደሙ ቆመ። ስኳሩም እየወረደ መጣ፤ የስኳር ሐኪሙ «በዚሁ ቀጥል» አለው። ለጥቂት ጊዜ ቤቱ እንደ ድሮው ሳቅና ጨዋታ ሆነ።

የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ግን አልቆዩለትም፤ ተራ በተራ ተነቀሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራለት። ለፈገግታ ያምራል፤ ሲነፋበት ግን ይነሳል፣ አየሩ በጎን ያመልጣል። ማጣበቂያም ተሞከረ። ጥርሱ ድዱን ላጠውና እንደገና አስቆጣው። በአጥንቱ ላይ የሚተከለውን ጥርስ ሲጠይቅ ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ አድርጋ አሳየችው፤ የሚይዘው አጥንት የለም።

የባንዱ መሪ ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ፣ ከኛ አትለይ። ሲምባሉን ያዝልን» አለው። ሳንባ አንድ ምረቃ ላይ ሁለቱን የነሐስ ሳህኖች ይዞ ከኋላ ቆመ። ፊት ሌላ ሰው ትራምፔት ይነፋል፤ ደህና ነው የሚነፋው። የሳንባ ጣቶች በሳህኖቹ እጀታ ላይ ትራምፔት የያዙ ይመስል ዜማውን ሲጫኑ ሳህን የሚያጋጭበት ተራ አለፈው። ከበሮ መቺው ዞሮ አየው፤ አልቀለደበትም። ሳንባን ከሁሉ የጎዳው ያ ዝምታ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምድ አልሄደም።

መድኃኒቱንም ተወ። ሚስቱ ስታውቅበት ስፌቷን አስቀምጣ ፊቱ ተቀመጠች።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለህ ማልልኝ። ዛሬ ወስደሃል?»

አልማለም።

«ለማን ብዬ ነው?» አላት።

«ለኔ።»

«አንቺ የምታውቂው ሰውዬ የሚነፋውን ነው።»

ስፌቷን መልሳ አነሳች። ስኳሩ ተመልሶ ወጣ፤ የታችኛው ድዱ አበጠ። ሐኪሟ አይታ አዘነች፤ አልተቆጣችም።

«የታቹን ማዳን እንችል ነበር። አሁንም መድኃኒቱን ቢጀምሩ ጥቂቱ ይተርፋል። ስኳሩ እኮ ጥርስ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ዓይን አለ፣ እግር አለ።»

«ልጄ፣ ልፋትሽ ገብቶኛል» አላትና ኮቱን አነሳ።

ሚስቱ ግን ቀጣዩን ቀጠሮ አስያዘች። ቀኑ ሲደርስ ሸሚዙን ተኩሳ አልጋው ጫፍ ላይ አኖረችለት።

«ተነስ፣ ይረፍድብናል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ አጠገቡ ተቀመጠች።