እንትፍ ያሉልኝ እናት

ወረታ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን የተውኔት ቃላትን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን አስያዙን። መቼት፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ነበሩ፤ የፎገራ ጭቃና ትንኝ ቢያስመርራቸውም ተውኔት ሲያነቡ ሁለቱንም ይረሷቸዋል። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ የትርጉም ተውኔት ይዘው መጡ። ታሪኩ የጥንት ነው፤ ከባሕር ማዶ ባለ መንደር። ልጆች ይታመማሉ፣ በትኩሳት ውስጥ ሆነው የጠንቋይ ስም ይጠራሉ፣ ስሟ የተጠራች ሴት ሸንጎ ፊት ትቆማለች። ጠንቋይ ነኝ ብላ ካመነች ትለቀቃለች፤ አይደለሁም ካለች ትሞታለች።

ገጸ ባሕርያቱ ሲከፋፈሉ ስም የምትጠራዋ ልጅ ለእኔ ደረሰችኝ። የተከሰሰችው ሴት ደግሞ አጠገቤ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ። እኛ ሁለታችን ተለያይተን ስለማናውቅ ክፍሉ ሳቀ። እኔን ግን የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሩዙ ውኃ ላይ በቆመበት ወቅት፣ ገጠር ቤታችን ውስጥ በጠና ታምሜ ነበር። ወባ ነው፤ ያኔ ግን ቡዳ ተባለ። በእኛ ዘንድ ቡዳ የበላው ሰው በጭስ ታጥኖ «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስሙ የተጠራው ሰው ተይዞ ይመጣና በሽተኛው ላይ እንትፍ ይላል። እንትፍ ካለ በሽተኛው ይድናል ይባላል፤ ያ ሰው ግን ቡዳነቱን በራሱ አፍ ያመነ ያህል ነው። እኔም በጭሱ ውስጥ የመንደራችንን ሸክላ ሠሪ ስም ለፈለፍሁ። ለምን እሳቸውን? ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ሲባል ሰምቼ ነዋ። አምጥተው እንትፍ አስባሏቸው፤ እኔ ዳንሁ። እሳቸው ከዚያ በኋላ መንደሩ አላስቀምጥ ሲላቸው ትንሽ ልጃቸውን ይዘው ወጡ።

ያች ልጅ ጓደኛዬ ናት። በልጅነታችን አብረን እንድንጫወት ስላልተፈቀደልን መልኳን እንኳ አላውቀውም ነበር። ለትምህርት ወረታ መጥቼ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ከእሷ ጋር ከተዋደድን በኋላ ነው ከከተማው ዳር ያለው ቤታቸው ወስዳኝ የእናቷን ስም የሰማሁት። ከመንደር ለምን እንደወጡ ታውቃለች፤ ማን እንደጠራቸው ግን አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷ ያቀረቡልኝን እየበላሁ ዝም አልሁ። አሁን ብናገር እሷን አጣለሁ። ዝም ብል ደግሞ ፊቷ ቆሜ ያንኑ ጥፋት ልደግመው ነው፣ ያውም ለማርክ።

መምህሩ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሲነግሩን ክፍሉ በተከሰሰችው ሴት ፍቅር ወደቀ። ውሸት ከምትናገር ሞትን መረጠች፣ ጀግና ማለት እሷ ናት ተባለ። ጓደኛዬ ብቻ የድርሻዋን ቃለ ተውኔት በእርሳስ ታሰምርበት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድሁ። እናቷ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ያልተተኮሰ እንስራ በጠጠር ያለሰልሳሉ፤ እሷ አጠገባቸው ልብስ ታጥባለች። እንደቆምሁ «እትዬ፣ ያኔ ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

እጃቸው አላቆመም። «አውቃለሁ ልጀ» አሉ። «መጀመሪያ የመጣሽ ለታ ነው ያወቅሁሽ። ቁርጥ እናትሽን እኮ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ርቦሽ ነበር የመጣሽው።»

ክፍል ውስጥ የተባለው አልለቅ ብሎኝ «ቡዳ አይደለሁም ብለው እምቢ ቢሉስ ኖሮ?» አልኋቸው። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ በዚያች ሰዓት የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም።

ጠጠሯን አስቀመጡ። «እምቢ ልል ነበር። ደጃፉ ላይ ስደርስ ቆርጬ ነበር። ኋላ ስገባ እንደ እሳት ትነጃለሽ፣ ከንፈርሽ ደርቋል። የኔዋም ያንች እኩያ ናት። ምራቄ እንደማያድንሽ አውቃለሁ። እንትፍ አልሁና፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ካላደረሳችኋት አልለቃትም አልኋቸው። ጎረቤታቸው ሆኜ ብናገር ማን ይሰማኛል? ቡዳ ሆኜ ስናገር ፈሩኝ። ወሰዱሽ።»

በቃሬዛ ወረታ ጤና ጣቢያ መምጣቴን እናቴ ነግራኛለች። ማን እንዳዘዘ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ጓደኛዬ የሳሙና አረፋ በእጇ እንዳለ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ አልተመለሰችም።

ሰኞ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ተውኔቱን ያነበብን ዕለት ስሟን መጥራት ሲደርሰኝ በሹክሹክታ አነበብሁት። መምህሩ «ጮክ በይ እንጂ» አሉኝ። እሷ ወረቀቷን እያየች ጠበቀችኝ። ጮክ አልሁ።

በሳምንቱ ፈተና ሆነ፤ የተውኔቱን ዋና ገጸ ባሕርይ ተንትኑ የሚል። ስለ አንዲት ሴት ጻፍሁ። የታመመች የሰው ልጅ ለማዳን ስትል ያልሆነችውን ነኝ ያለች፣ ስሟንና ቤቷን በዚያው ያጣች፣ የሚያጨበጭብላት ያልነበረ። ሦስት ገጽ ሞላሁ።

መምህሩ አርመው ወረቀቱን እንድታድል ለክፍል አለቃዋ ሰጧት፤ አለቃችን ጓደኛዬ ነበረች። የእኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። በቀይ እስክሪብቶ «እንዲህ ያለች ገጸ ባሕርይ በተውኔቱ ውስጥ የለችም» ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ዜሮ። የቀሩት ልጆች ወረቀታችን እያሉ ይጮኹባታል፤ እሷ ሦስቱንም ገጽ እንደቆመች አነበበች።

አድላ ስትጨርስ መጥታ ከድሮው ቦታዋ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይሄን ልውሰደው» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል? ወድቄበታለሁ።»

«ለእናቴ ላነብላት ነው።»