በክትባት ማቀዝቀዣ የከረመው ፊልም

ክልሉ ራሱን ማስተዳደር በጀመረባቸው ዓመታት ጋምቤላ ውስጥ የደን ባለሙያ ነበርኩ። ከተዘጋ ፕሮጀክት አንድ ትልቅ ካሜራ ተረፈንና ኃላፊዬ የጎግን ደን በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን የማያየውን ብርሃን በሚቀርጽ ፊልም እንዳነሳ አዘዘኝ። ካሜራው የሚጎርሰው ሰፊውን ጥቅል ፊልም ብቻ ነው። ይህንኑ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ከሦስት ወር በኋላ የመጣልኝ ለትንሽ ካሜራ የሚሆን ጠባብ ፊልም ነበር።

«ኢንፍራሬድ አላልክም? ይኸው ተጽፎበታል» አለኝ የግዢ ሠራተኛው።

«ጠባብ ነው እኮ! ካሜራው ውስጥ አይቆምም።»

«እንዲያ ከሆነ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን ቀጥላቸዋ።»

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ራሴ አዲስ አበባ ወጣሁ። ፒያሳን ፎቶ ቤት በፎቶ ቤት ዞርኩ። ሁሉም «ለሰርግ ከሆነ ባለቀለሙን ውሰድ» ይሉኛል። በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው አዝዟቸው ሳይወስደው የቀረውን አራት ሰፊ የኢንፍራሬድ ጥቅል ከቤታቸው ማቀዝቀዣ አወጡልኝ።

«ሙቀት ካገኘው አለቀለት። ለመሆኑ ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ጋምቤላ።»

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ተመልሰው በረዶ ይዘው መጡ።

ፊልሙን በላስቲክ ጠቅልዬ በረዶ የሞላ ቴርሞስ ውስጥ ከተትኩት። ጅማም መቱም የሆቴል ሰዎችን «ለበሽተኛ ነው» እያልኩ በረዶ ለመንኩ። ጋምቤላ ስደርስ የሚታመን ማቀዝቀዣ ያለው ጤና ጣቢያው ብቻ ነበር፤ እሱም በላምባ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። ኃላፊዋ ጠና ያለች፣ ቀልድ የማታውቅ ነርስ ነበረች።

«ሲስተር፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ አስቀምጪልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ፊልም።»

«ይሄ ጤና ጣቢያ ነው እንጂ ሲኒማ ቤት አይደለም።»

ሁለት ቀን ደጅ ጠናሁና ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ሰጠችኝ። ሳምንቱ ግን ወር ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና አንድ ቀን ጎማ የለውም፣ ሌላ ቀን ኃላፊዎችን ይዞ ኢታንግ ሄዷል። በመጨረሻ ተፈቀደልኝና ወደ ጤና ጣቢያው ስሮጥ ማቀዝቀዣው ባዶውን፣ በሩ ተከፍቶ፣ በረዶው እየቀለጠ አገኘሁት። ጥበቃው «ሲስተር ለክትባት ኢታንግ ወርዳለች» አለኝ። የቆሻሻ ገንዳውን ሳይቀር በረበርኩ። በዚያ ሙቀት በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እሷንም፣ መኪናውንም፣ ግዢ ክፍሉንም ረገምኩ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። የክትባት ሣጥኗን ከፍታ አራቱን ጥቅል ከበረዶው ሥር አወጣች። «ላምባ አልቆብኝ ነው። ታዲያ ፀሐይ ላይ ልጥልልህ ኖሯል?» አለች። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ጎግ ላይ ብርሃን እንዳይነካው መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ፊልሙን አጎረስኩና ደኑን አነሳሁ። አዲስ አበባ ልኬ ሲታጠብ ሁለቱ ጥቅል ተበላሽቷል፤ ሁለቱ ግን ግሩም ወጣ። በኢንፍራሬድ ጤናማ ቅጠል ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ፎቶዎቹን በኩራት ኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው።

«ደኑ በሙሉ ደርቋል ማለት ነው?» አለኝ።

«የለም ጌታዬ፣ ነጩ እኮ ጤነኛው ነው።»

ፎቶዎቹን ሰብስቦ መለሰልኝ። «ይሄን ለማን አስረዳለሁ? ሂድና አረንጓዴ አድርገህ አንሳው።»

ትንሽ ካሜራ ተዋስኩና ባለቀለሙን ፊልም ገበያው ዳር ካለው ሱቅ፣ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ መሀል፣ በአምስት ደቂቃ ገዛሁ።