የሜርዲት ዲግሪ ስንት አወጣ

ሜርዲት ሳቦ ሥነ ልቦና ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለትምህርት ብድሯ ዋስ ሆኖ የፈረመላት አባቷ ገስ ነው። ገስ ዕድሜውን ሙሉ ቶሊዶ በምትባል የአሜሪካ ከተማ መስታወት ፋብሪካ ውስጥ የሠራ፣ ሳያነብ የማይፈርም ሰው ነበር። የዚያን ቀን ግን ዝም ብሎ ፈረመ። "ሰው የምታክም ልጅ ወልጄ ደግሞ ወረቀት ላንብብ?" አለና ሳቀ። ሚስቱን በካንሰር ካጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሜርዲትም ይህን ትምህርት የመረጠችው እናቷን በመጨረሻዋ ሰሞን አልጋዋ አጠገብ እየተቀመጠች ታጽናናት የነበረችውን የሆስፒታል አማካሪ አይታ ነው። እንደሷ መሆን ፈለገች።

በማዕረግ ተመረቀች። ያልነገሯት፣ ወይም ተነግሯት ያልሰማችው ነገር፣ በዚያ ዲግሪ ብቻ ማንንም ማማከር እንደማትችል ነው። ለዚያ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ደግሞ የሙያ ፈቃድ። ዞራ ዞራ ሥራ ያገኘችው የአእምሮ ሕመምተኞች በጋራ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ነው። መድኃኒት ታድላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ እራት ትሠራለች። ደመወዟ ከመንገዱ ማዶ ዶሮ ከምትጠብሰው ልጅ እምብዛም አይበልጥም፤ ያቺ ልጅ ግን ዕዳ የለባትም።

ሥራውን ግን ወደደችው። ኦርቪል የሚባል፣ ከክፍሉ አልወጣም ያለ ሽማግሌ ነበር። ሌሎቹ በሩን ሲደበድቡበት እሷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ራሱ ከፍቶ ወጣና ገበታ ላይ ተቀመጠ።

"አንቺ ደህና ሰው ነሽ፤ አትጨቀጭቂም" አላት።

በአራተኛ ዓመቷ ቤቱ አማካሪ ሊቀጥር ሆነ። ሜርዲት ሥራውን ልትጠይቅ አለቃዋ ሬኔ ዘንድ ገባች።

"ሥራውን ከማንም በላይ እንደምትችይው አውቃለሁ" አለቻት ሬኔ። "ግን ፈቃድ የለሽም። አንቺ ላማከርሽው የጤና መድን ድርጅቱ አይከፍለንም።"

የዚያን ዕለት ማታ አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ አገኘችው። ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ የሷ ደመወዝ ብድሩን አልሸፍን ሲል ግን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን ሸጠ፤ እሱም አልበቃ ሲል አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ደንበኞች ትተዋቸው የሚሄዱትን ጋሪዎች መሰብሰብ ጀመረ።

ሬኔ ያለቻትን ነገረችው። "ሁለተኛው ዲግሪ ሁለት ዓመት ብቻ ነው አይደል? እፈርማለሁ" አላት።

"የመጀመሪያውን ሳንጨርስ?"

"ታዲያ እንዲሁ መንገድ ላይ ልትቀሪ ነው?"

"አባዬ፣ ጨርሼም የሚከፍሉኝን ጠይቄአለሁ። አንተ ፋብሪካ ታገኝ የነበረውን አያህልም።"

ገስ እግሩን ከውኃው አወጣ። "ያኔ ለምን አልነገሩንም?"

"ያኔ አልጠየቅናቸውማ።"

በወሩ ሌላ ሥራ አገኘች። ያልተከፈለ የሆስፒታል ሒሳብ በስልክ የሚያስከፍል ድርጅት ነው። ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ሰውዬ ማስረጃዋን አይቶ ፊቱ በራ። "ሥነ ልቦና? እኛማ እንዲህ ያለ ሰው ነው ያጣነው" አላት። ደመወዙ የበፊቱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ልትሰናበተው ስትሄድ ኦርቪል ጠየቃት። "በአንቺ ቦታ ማን ይመጣል?"

"ሌላ ሰው። አማካሪም ትመጣለች፤ ፈቃድ ያላት።"

"ትጨቀጭቃለች?"

"አላውቅም፣ ኦርቪል።"

ኮቷን ለብሳ ሳትጨርስ ክፍሉ ገብቶ ዘጋ።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ይጮሃል። ሜርዲት አልጮኸችም። በመጀመሪያው ሳምንት ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት በስልክ አገኘች፤ ሴትዮዋ የሟቹ የሕክምና ዕዳ ነበረባት። ስሙ ሲጠራ ማልቀስ ጀመረች። ሜርዲት አላቋረጠቻትም። አልቅሳ ሲወጣላት፣ "በየወሩ ምን ያህል ብትከፍይ ነው የማይከብድሽ?" አለቻት በለሰለሰ ድምፅ። ሴትዮዋ የባንክ ካርዷን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበችላት።

"እግዚአብሔር ይባርክሽ" አለቻት በመጨረሻ። "እስከዛሬ እንደ ሰው ያናገረኝ የለም።"

ሜርዲት ስልኩን ዘግታ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ፊቷን ታጠበችና ተመልሳ ወደሚቀጥለው ስም ደወለች።

ዓመት ሳይሞላ አዳዲስ ሠራተኞችን እንድታሠለጥን አደረጓት። የምታስተምራቸው የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ያስተማሯትን ነው፦ ሰውየው ዝም ሲል አትቸኩሉ፣ ዝምታውን ራሱ ይሙላው። እሷ ያሠለጠነቻቸው የሚያስከፍሉት ገንዘብ ከማንም በለጠ። ገስም ጋሪ መግፋቱን ተወ።

በበጋው አንድ ጎረቤት ገስን አጥሩ ጋ አስቁሞ የልጅ ልጁ ሥነ ልቦና ልትማር እንዳሰበች አጫወተው። ያዋጣ እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጎ ነበር። ገስ የወጥ ቤቱን በር ገፋ አድርጎ ብቅ አለ።

"ሜርዲት፣ ምን ልበለው?"

ሳህን እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

"ይከፍላል በለው።"

ገስ ተመልሶ ሄደና ያንኑ ነገረው።