የገብረኪዳን ትከሻ

ጨመዳ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፋል። ባለጉዳይ ሲጠፋ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ሰው ይስላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሳለውን ይዞ ልብስ ሰፊው ገብረኪዳን ዘንድ ይሄዳል። በከተማው የሰው ቁመና እንደ እሱ የሚያውቅ የለማ! ገብረኪዳንም ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይፈርዳል፦ «ዳኛውን አከብራለሁ ብለህ ከባላገሩ እጥፍ አደረግኸው፤ እጁ ግን ከኪሱ አይደርስም። እንዲህ ላለው ሰው እኔ ምን ልስፋለት?» ጨመዳ ሳይከፋው ያርማል።

አንድ ቅዳሜ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ስሎ መጣ። ገብረኪዳን ገና ሲያየው ሳቀ።

«አንተ ጨመዳ፣ አሁንስ ባሰብህ! የቀኝ ትከሻው ከግራው በሁለት ጣት ወርዷል። እንዲህ ያለ ሰው አልተፈጠረም።»

«ኧረ እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለ ጨመዳ። ሜትሩን ከአንገቱ ወስዶም ከወለሉ እስከ ትከሻው፣ በግራም በቀኝም ለካው። ልዩነቱ ሁለት ጣት ሙሉ ነበር።

ገብረኪዳን ሃያ ዓመት ከተማውን ሲለካ እሱን የለካው አልነበረም። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር የተሰቀለውን፣ ትከሻው አልስተካከል ብሎ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ የተሰፋውን የራሱን ኮት ቀና ብሎ አየው።

«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጨርቁን ነበር የምረግመው።»